ቡናው ይመረመራል፤ ሠራተኛውስ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በሐዋሳ አልፎ ወደ ሞያሌ የሚወርደውን ታላቅ መንገድ ይዞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዲላ ይደርሳል። ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከዚያም በላይ የቡና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ምድር እንሰቱ፥ ቡናውና ጥላ ዛፉ ባንድ ማሳ ተቃቅፈው የሚበቅሉበት ምድር ነው። ይኸው መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። የይርጋ ጨፌ ቡና ስምም ከዚህ ተነሥቶ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው።

ይህ ቡና ከገበሬው ማሳ ወጥቶ ወደ ውጭ አገር እስኪጫን ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚመረመር ያየ ሰው ይደነቃል። እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፤ ጉድለት ያለበት ፍሬ ተለቅሞ ይቆጠራል፤ ናሙናው ተቆልቶ፥ ተፈጭቶ፥ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት፥ ቀማሹ በማንኪያ እየጨለፈ ይቀምሰዋል። በመጨረሻም ደረጃ ተሰጥቶት በወረቀት ይመዘገባል። ቡናው ሻጋታ ነክቶት ወይም የባዕድ ሽታ ገብቶበት ቢገኝ ወዲያው ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ትጋት እናመሰግናለን፤ ለአገር ገቢ የሚያመጣ ትጋት ነውና። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። ያንን ጆንያ በትከሻው የተሸከመው፥ ገለባውን በአካፋ የዛቀው፥ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ የዋለው ሰው ሳንባ መቼ ተመረመረ? በየትኛውስ ወረቀት ላይ ተጻፈ?

አቧራው ከየት ይመጣል?

አንባቢ ነገሩን በትክክል እንዲረዳው የቡናን ሥራ ከሥሩ መመልከት ይገባል። ቡና በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። አንደኛው ቀዩ እሸት በመፈልፈያ ተፈልፍሎ፥ በውሃ ታጥቦ፥ በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚሰጣው የታጠበ ቡና ነው። ሁለተኛው እሸቱ ከነልጣጩ በፀሐይ የሚደርቀው ጀንፈል ነው። በሁለቱም መንገድ ፍሬው ደረቅ ሽፋኑን እንደ ለበሰ ወደ ማበጠሪያ ፋብሪካ ይመጣል። ያንን ሽፋን ፈግፍጎ የሚያወልቀው፥ ነፋስ እየነፋም ገለባውን ከፍሬው የሚለየው የማበጠሪያው መኪና ነው።

መኪናው ሲነሣ አቧራውም አብሮ ይነሣል። ይህ አቧራ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ አይደለም። የገለባና የልጣጭ ስባሪ አለበት፤ ከማድረቂያው ሥፍራ አብሮ የመጣ አፈር አለበት፤ ቡናው እርጥበት ባገኘ ጊዜ የበቀለበት ሻጋታና በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንም አሉበት። ትልልቁን ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ በማስነጠስና በሳል ይወጣል። ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ የሚያንሰው ግን አልፎ ወደ ደረት ውስጥ ይገባል። በዚያም የአየሩን ቧንቧ ያስቆጣል፤ የተቆጣ ቧንቧ ያብጣል፤ ያበጠም ይጠብባል። ከዚህም ሌላ ጥሬው የቡና ፍሬ ራሱ ለአንዳንድ ሰው አይስማማም፤ አስም የሚያስነሣባቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ይህን አለርጂ ከሚያስነሡት የቡና ፕሮቲኖች አንዱን ለይተው አውቀዋል።

ይህ ወሬ ወይም ግምት እንዳይመስል የአገራችንን ጥናት እንጥቀስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌይ አገር የበርገን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ በሚገኙ 12 የቡና ማበጠሪያ ፋብሪካዎች ሠራተኞቹ የአቧራ መለኪያ በልብሳቸው ላይ አንግተው እንዲውሉ አድርገው፥ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። በመኪናው ክፍል የሚሠሩትና ጆንያ የሚያመላልሱት ሰዎች የሚተነፍሱት አቧራ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 12 ሚሊ ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ። ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙት ግን የሚተነፍሱት 1 ሚሊ ግራም ያህል ነበር። ለማነጻጸር ያህል፥ በብሪታንያ ደንብ ማናቸውም ዓይነት አቧራ በሜትር ኩብ 10 ሚሊ ግራም ሲደርስ ለጤና አደገኛ ከሆኑት ነገሮች ጋር ይቆጠራል። እነዚሁ ባለሙያዎች በሚቀጥለው ዓመት ባወጡት ጥናት የቡና ፋብሪካ ሠራተኞችን ከውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር አስተያይተው፥ የቡናዎቹ ወንዶች የሳንባ ኀይል ዝቅ ያለ መሆኑን አመልክተዋል።

ከዚህ ቁጥር አንድ ትምህርት እናገኛለን። በአንድ ግቢ ውስጥ፥ በአንድ ጣራ ሥር፥ አንዱ ሠራተኛ ከሌላው አሥራ ሁለት እጥፍ አቧራ ሊተነፍስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የሠራተኛ ጤና ምርመራ ሲባል ሰውን ሁሉ አሰልፎ ደም ግፊት መለካት አይደለም። ማን በየትኛው ቦታ ምን እንደሚተነፍስ አስቀድሞ አውቆ፥ ምርመራውንም በዚያው ልክ ማድላት ነው።

ሐኪሙ ያልጠየቀው ጥያቄ

በሞዴና ከተማ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ለዚህ ሥራ ያነሣሣው በቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርግ ሠራተኛ ሲጣደፍ አይቶ ምክንያቱን መጠየቁ ነው። ሰውየውም በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ዓይኑ እንደሚታመም፥ እስከ መታወርም እንደሚደርስ ነገረው። ራማዚኒ ከዚያ ወዲያ በየሱቁና በየጓዳው እየዞረ የእህል ነፊዎችን፥ የሸክላ ሠሪዎችን፥ የሌሎችንም ብዙ ሠራተኞች ሕመም ጻፈ። ለሐኪሞችም ሁሉ አንድ ምክር ተወላቸው፤ ይኸውም የጥንቱ ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ «ሥራዎ ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጨመር የሚል ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ይህ ጥያቄ ገና በብዙ ቦታ አልተጠየቀም። አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ እያሳለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል እንበል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን አክታው ይመረመራል። ይህ በአገራችን የተደነገገ መልካም ሥርዓት ነው፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። አክታው ነጻ ሲሆን ግን ሰውየው ሽሮፕ ይዞ ይመለሳል፤ በማግሥቱም ጆንያውን ይሸከማል። «ሳሉ በዕረፍት ቀን ይሻልዎታል? ሥራ ሲጀምሩ ይመለሳል?» ብሎ የጠየቀው ከሌለ የበሽታው ምክንያት እዚያው ማበጠሪያው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

የመጀመሪያው ቀን ልክ

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደርሰናል። የሳንባ ጉዳት በአንድ ቀን የሚታይ ቁስል አይደለም። ጎልማሳ ሰው ምንም አቧራ ባይነካው እንኳ የትንፋሹ ኀይል ከዕድሜው ጋር በዓመት 30 ሚሊ ሊትር ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። አቧራ የሚተነፍሰው ሰው ቅነሳው ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሰውየው ራሱ አያውቀውም፤ ሳንባ ትርፍ ያለው አካል ነውና። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ የሚያጥረው ብዙ ከጠፋበት በኋላ ነው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? መሣሪያው ከተገኘ ቆይቷል። ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስፓይሮሜትር የተባለውን የትንፋሽ መለኪያ ሠርቶ፥ ከ2000 በላይ የሚሆኑ ሰዎችን ለክቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1846 ጽሑፉን አውጥቷል። ዛሬም አሠራሩ ቀላል ነው። ሠራተኛው አየር እስኪሞላ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከዚያም ባለ በሌለ ኀይሉ ይተነፍሳል፤ በመጀመሪያዋ አንድ ሴኮንድ ውስጥ ያወጣው አየር ይለካል። ይህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የተሻለው ይመዘገባል።

ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሰው ሳንባ እንደ ቁመቱ፥ እንደ ዕድሜው፥ እንደ ጾታው ይለያያል። ሰፊ ደረት ያለው ጠንካራ ተሸካሚ ከትንፋሹ አምስተኛውን ቢያጣ እንኳ ከሌላው ሰው ጋር ሲተያይ ገና ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ እውነተኛው መመዘኛ ሰውየው ራሱ ነው፤ ሥራ በገባ በመጀመሪያው ቀን የነበረው ልክ ማለት ነው። ያ ልክ ከተጻፈ በየዓመቱ የሚለካው ከእርሱ ጋር ይተያያል። ያ ልክ ካልተጻፈ ግን በኋላ የሚመጣው ሐኪም የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን የጠፋውን ከምን ያህል ላይ እንደ ጠፋ ሊናገር አይችልም። በዓለም ላይ ያለ ገንዘብ ሁሉ ያለፈችዋን የመጀመሪያ ቀን መልሶ ሊገዛት አይችልም።

ሁለተኛውም ዘዴ ከዚህ የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ አገር በላንካሸር የጥጥ ፋብሪካዎች ሠራተኞቹ ከዕረፍት በተመለሱበት ሰኞ ቀን ደረታቸው ሲታፈን፥ በሌላው ቀን ግን ሲሻላቸው ይታይ ነበር። ሐኪሙ ሪቻርድ ሺሊንግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን የሰኞ ምልክት መሠረት አድርጎ የጥጥ አቧራ በሽታን በደረጃ ከፋፈለው። በአገራችንም አንድ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጊዜ፥ ጥጡን በሚያፍታታው ክፍል ከመቶ 43.2፥ በሚያባዝተው ክፍል ከመቶ 37.5 የሚሆኑት ይኸው በሽታ ነበረባቸው። እነዚህ ሰዎች በሽታው የጀመራቸው ተመርማሪው በመጣ ዕለት አልነበረም። በየዓመቱ የሚለካቸው ቢኖር ቀደም ብሎ ሊታወቅ በቻለ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ የቀሩት ጤነኞቹ ናቸው

ተማሪ የሆነ አንባቢያችን ይህን በተለይ እንዲያስተውለው እንሻለን። አንድ ሹም ፋብሪካ ጎብኝቶ፥ «ሠራተኞቹን ሁሉ አየናቸው፤ ጠንካሮች ናቸው፤ የታመመ የለም» ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ አልዋሸም ይሆናል። ነገር ግን እውነቱን አላየም። የታመመው ሰው ሥራውን ትቶ ቤቱ ገብቷል። በፋብሪካው የቀረው አቧራውን የቻለው ብቻ ነው። የቀሩትን ቆጥሮ ስለ ሄዱት መፍረድ፥ ከጦር ሜዳ የተመለሱትን ቆጥሮ «የሞተ የለም» እንደ ማለት ነው።

ይህ ስሕተት በዲላና በአካባቢዋ እጥፍ ይሆናል፤ ሥራው የወቅት ሥራ ነውና። በጌዴኦ ሰው ብዙ፥ መሬት ጥቂት ነው። ቡና በሚደርስበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ወራት ወጣቱ ወደ መፈልፈያውና ወደ ማበጠሪያው ለቀን ሥራ ይወርዳል። ዘንድሮ በአንዱ ፋብሪካ፥ በሚቀጥለው ዓመት በሌላው ይሠራል። አሥር ዓመት አቧራ የተነፈሰ ሰው በአሥር አሠሪዎች ዘንድ አሥር ጊዜ አዲስ ሰው ነው። እያንዳንዱ አሠሪ፥ «ከእኔ ዘንድ የቆየው ሦስት ወር ነው» ቢል እውነት ነው። የአሥሩ ዓመት ድምር ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም፤ በሰውየው ደረት ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ የሚቀጠሩትንና በአደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሠራተኞች በራሱ ወጪ፥ እንደ አስፈላጊነቱ፥ የጤና ምርመራ እንዲደረግላቸው ያዝዛል። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በጥር ወር 1983 ዓ.ም. ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ጤናማ የሥራ ቦታ ማግኘትን ከሠራተኛ መሠረታዊ መብቶች ጋር ቈጥሮታል።

እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ነገሩ ያለው «እንደ አስፈላጊነቱ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማን ነው? አሠሪው ብቻ ከወሰነ አስፈላጊ የሚሆንበት ቀን ይርቃል። ሠራተኛው ብቻ ከወሰነ የዕለት ምንዳውን ያስቀድማል። ስለዚህ ቃሏን በሥራ ላይ የሚያውላት ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል፤ እርሱም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ነው። ተቆጣጣሪው በማበጠሪያ መኪና አጠገብ አቧራ እያየ «አስፈላጊ ነው» ብሎ ካልጻፈ አዋጁ በወረቀት ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ምርመራው ለማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ልንሸፋፍነውም አይገባም። ሠራተኛው ምርመራን ይፈራል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ግን በሽታውን የገለጠ ሥራ የማይገኝለት ከሆነ ማን ይገልጣል? «ትንፋሽህ ዝቅ ብሏል፤ ከነገ ጀምሮ አትምጣ» የሚባል ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሳሉን ውጦ ይቀርባል። እንዲህ ያለ ምርመራ ደካማውን አጥርቶ የሚያወጣ ወንፊት ይሆናል እንጂ የጤና ጥበቃ አይሆንም። ከቡናው ጉድለት ያለበትን ፍሬ ለቅሞ መጣል ተገቢ ነው፤ ሰውን ግን እንደ ቡና መልቀም ነውር ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ ይህን አስቦበታል። የምርመራው ውጤት የሠራተኛው ምስጢር ነው። ለአሠሪው የሚነገረው ሰውየው ለዚያ ሥራ ተስማሚ መሆኑና ቦታ መለወጥ የሚያስፈልገው መሆኑ ብቻ ነው፤ የበሽታው ስም አይነገረውም። የሁሉም ሠራተኞች ውጤት ስም ሳይጠራ በአንድነት ሲታይ ግን ለአሠሪው ትልቅ ነገር ይነግረዋል። ከመኪናው አጠገብ ከሚሠሩት ስድስት ሰዎች የአራቱ ትንፋሽ በአንድ ወቅት ዝቅ ካለ፥ የታመመው ሰዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ፋብሪካው ራሱ ታሟል ማለት ነው።

እንግዲያው ሕክምናውም መጀመር ያለበት ከፋብሪካው ነው። ገለባው የሚወጣበት ቧንቧ ተሸፍኖ ወደ ውጭ ይምራ፤ አቧራው በሚነሣበት ቦታ ላይ የሚስብ ማራገቢያ ይተከል፤ ወለሉ በደረቁ በመጥረጊያ ከሚጠረግ ይልቅ በእርጥብ ይወልወል። የአፍንጫ መሸፈኛ መልካም ነው፤ ግን የመጨረሻው ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። 60 ኪሎ ተሸክሞ በሙቀት የሚሮጥ ሰው ቀኑን ሙሉ አፉን ሸፍኖ ይውላል ብሎ ማሰብ ሥራውን አለማወቅ ነው። መለካት ያለ ማስተካከል፥ ቤት ሲቃጠል ሙቀቱን እየለኩ መቆም ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ያለው አበው እኮ ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ?

ነገሩ ከአቅማችን በላይ አይደለም። በዲላ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት፥ ሪፈራል ሆስፒታልም ያለው ነው። ማበጠሪያዎቹም ከዚያው ከተማና አካባቢ ናቸው። ቡናው ሲደርስ፥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፥ አንድ ሐኪምና ጥቂት ተማሪዎች ስፓይሮሜትር ይዘው ቢወጡ የአንድ ፋብሪካ የመኪና ክፍል ሠራተኞችንና ተሸካሚዎችን ለክቶ ለመጨረስ ጥቂት ቀን ይበቃል። ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ ይለኩ። ስፓይሮሜትር ባልደረሰበት ቦታ እንግሊዛዊው ማርቲን ራይት እ.ኤ.አ. በ1959 ያስተዋወቀው ዓይነት፥ ኤሌክትሪክ የማይሻ አነስተኛ የትንፋሽ ኀይል መለኪያ አለ። እንደ ስፓይሮሜትሩ ዝርዝር ነገር ባይናገርም ሰውየው ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ያለውን ልዩነት ያሳያል። ወጪው በአዋጁ መሠረት የአሠሪው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ለወቅት ሠራተኛው አንዲት ትንሽ የጤና ደብተር ትሰጠው እንላለን። በውስጧም ሥራ የጀመረበት ዓመት፥ የሠራበት ክፍልና የመጀመሪያው ቀን የትንፋሽ ልክ ይጻፍባት፤ በየወቅቱም ይጨመርባት። ደብተሯ የአሠሪው ሳትሆን የሠራተኛው ትሁን፤ ግልባጯ በሆስፒታሉ ይቀመጥ። ሰውየው ከይርጋ ጨፌ ወደ ዲላ፥ ከዲላ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ታሪኩ አብሮት ይሄዳል። አንድ ቀን ሲታመምና በሽታው ከሥራው የመጣ ነው ብሎ ካሣ ሲጠይቅ፥ የሚያቀርበው ሳሉን ብቻ አይሆንም፤ ማስረጃውንም ይዟል።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ነገ የሠራተኛን ጉዳይ በሚይዝ ቢሮ፥ በጤና ጽሕፈት ቤት፥ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወንበር ላይ የሚቀመጡ ወጣቶች አሉ። ወደ አንድ ማበጠሪያ ለቁጥጥር በሄዱ ጊዜ የቡናው ደረጃ የተጻፈበት ወረቀት ፈጥኖ ይቀርብላቸዋል። እርሱን አይተው ሲጨርሱ ሁለተኛ ወረቀት ይጠይቁ፤ የእነዚህ ሠራተኞች የመጀመሪያ ቀን ልክ የተጻፈበትን። ከሌለ በዚያው ቀን እንዲጀመር ይዘዙ። ለዘንድሮው ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀን ሊሆን የሚችለው ከዛሬ የቀረበ ሌላ ቀን የለምና።